ከሰቃ እስከ ጅማ፤ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ስለ መዛወሩ ነገር

የአንድ መሥሪያ ቤት መዛወር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ደብዳቤ ይጻፋል፤ ማኅተም ይመታል፤ መዝገቡና ጠረጴዛው በመኪና ይጫናል፤ አሮጌው በር ይቆለፋል፤ በአዲሱም በር ላይ ሰሌዳ ይሰቀላል። መሥሪያ ቤቱ የዕቃ ግምጃ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ በዚሁ ሊያልቅ ይችላል። የፖሊስ ጠቅላይ መምሪያ ሲሆን ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የፖሊስ መምሪያ ዋና ሀብቱ ጠረጴዛውም ሕንፃውም አይደለም፤ የተበደለ ሰው በሌሊትም ቢሆን ሰው ሳይጠይቅ የሚደርስበት መሆኑ ነው እንጂ። ታዲያ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ከነበረበት ተነሥቶ በሌላ ሥፍራ እንዲተከል ዕቅድ ሲወጣ፣ ከዕቃው ጋራ አብሮ የሚሄደው ምንድን ነው? ወደ ኋላ የሚቀረውስ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የባሕር ማዶ ታሪክ ማገላበጥ አያስፈልግም። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ባለፉት 200 ዓመታት ውስጥ የሥልጣን መንበርና የጸጥታ ጥበቃ ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ሥፍራ ደጋግሞ ተዛውሯል። አንዳንዱ መዛወር በንጉሥ ፈቃድ፣ አንዳንዱ በጦር ኃይል፣ አንዳንዱም ማንም ሳያዝዘው በነጋዴ እግር የተፈጸመ ነው። የእነዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። የጸጥታ መሥሪያ ቤት ሕዝቡ የሚሰበሰብበትን ሥፍራ ሲከተል ይጸናል፤ ሕዝቡን ወደ ራሱ ለማስከተል ሲሞክር ግን ሕንፃው ቢያምርም ጥበቃው ይላላል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ከሰቃ ጀምረን እንመለከታለን። እስከ 1874 ዓ.ም. ያለውን ዘመን፣ በአብዛኛው ከአውሮፓ መንገደኞች ማስታወሻ ስለ ተገኘ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፈዋለን፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ የስሙን ነገር መለየት ይገባል። ዛሬ መንገደኛ «ሰቃ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የሰቃ ጨቆርሳን ከተማ ነው። የእኛ ነገር የሚጀምረው ግን ከጅማ በስተ ሰሜን በሊሙ ምድር ካለችው ከጥንታዊቷ ሰቃ ነው። ይህች ሰቃ የሊሙ እናርያ መንግሥት ዋና ከተማና ገበያ ነበረች። ሊሙ እናርያ በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከተነሡት ከአምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት ማለት ከሊሙ፣ ከጅማ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ መካከል በኃይልና በዝና ቀድሞ የታወቀው ነው። መሥራቹ ቦፎ ሥልጣኑን በሕይወቱ ሳለ ለልጁ ለኢብሳ ለቀቀለት። ኢብሳም በፈረሱ ስም አባ ባጊቦ ተብሎ ከ1825 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ነገሠ።

በአባ ባጊቦ ዘመን ሰቃ ተራ መንደር አልነበረችም። ከከፋና ከሌሎችም የደቡብ አገሮች የመጣው ቡና፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ በዚያ ተሰብስቦ ወደ ሰሜን ይጫን ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከሰቃ ተነሥቶ በጉድሩ አሰንዳቦ አድርጎ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ጎጃም ውስጥ ባሶ ከተባለው ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይዘልቃል። ሲመለስ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይዞ ይመጣል። ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም በየጁቤ ተቀምጦ ስለ እናርያ ብዙ የጻፈው፣ ራሱ እዚያ ሳይደርስ፣ በባሶ ገበያ ያገኛቸውን ነጋዴዎች እየጠየቀ ነው። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ግን በ1843 እ.ኤ.አ. ራሱ ሰቃ ገብቶ አባ ባጊቦን አይቶታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የአባ ባጊቦ ዋና ቤተ መንግሥት ከሰቃ ገበያ መካከል አልነበረም፤ በአቅራቢያዋ ጋሩቄ በተባለ ሥፍራ ነበር። ንጉሡ በጋሩቄ ይቀመጥ እንጂ ዓይኑ በሰቃ ላይ ነበረ። ከሰሜን የሚመጡትን ነጋዴዎች ከሰቃ አልፈው ወደ ከፋ እንዳይሄዱ ከለከለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ንግድ ለራሱ አገር ሰዎች አደረገው። ስለዚህም የሰሜኑ ዕቃና የደቡቡ ዕቃ የሚገናኙት በሰቃ ብቻ ሆነ። ከተማዪቱን ከተማ ያደረጋት የንጉሡ አዳራሽ ሳይሆን ይህ የመገናኛ ሥፍራነቷ ነው።

ጸጥታውንስ ማን ይጠብቀው ነበር? የጊቤ መንግሥታት ድንበራቸውን በቦይና በአጥር ያጥሩ ነበር። ከአጥሩ ውጭ በሁለት መንግሥታት መካከል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ ምድር ይተዋል፤ ይህም «ሞጋ» ይባላል። መንገዱ አጥሩን የሚያልፍበት ሥፍራ «ኬላ» ነው። በኬላው ላይ አባ ኬላ ተሾሞ ገቢውንና ወጪውን ይጠይቃል፤ ቀረጥ ይቀበላል፤ እንግዳም የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣለት በዚያ ይቆያል። በአገር ውስጥ ደግሞ በየአውራጃው አባ ቆሮ አለ፤ ከእርሱ በታች የመንደር ሹሙ አባ ገንዳ አለ። ወንጀለኛ የሚይዘውና እስረኛ የሚጠብቀው ሰው «አባ ፉኞ» ይባላል፤ ፉኞ በኦሮምኛ ገመድ ማለት ነውና ትርጓሜው «የገመድ አባት» ነው። እንግዲህ ለዚያ አገር የፖሊስ የመጀመሪያ ስሙ ከገመድ የወጣ ነበር ማለት ይቻላል። የሚያስገርመው ግን የእነዚህ ሰዎች ሥፍራ ነው። አባ ኬላ በመንገዱ አፍ፣ አባ ፉኞም በአባ ቆሮው ደጅ ይገኙ ነበር እንጂ ሁሉም በንጉሡ ግቢ ተከማችተው አልተቀመጡም። ንጉሡ ቢርቅ ጠባቂው ቅርብ ነበረ።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን በጭፍን ለማመስገን አይደለም። የሰቃ ገበያ ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ነጋዴውን ከወንበዴ የሚጠብቀው ያው ኬላ፣ የሚያመልጠውን ባሪያ ይዞ ለጌታው የሚመልስ በር ነበረ። ለአንዱ ጸጥታ የሆነው ለሌላው ወጥመድ ነበር። ስለዚህ ስለ ጸጥታ መሥሪያ ቤት ስናስብ «የት ይቀመጥ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ለማን ይቁም?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት። ሥፍራው ትክክል ሆኖ ሥራው ጠማማ የሆነ ጠባቂ ሊኖር እንደሚችል ሰቃ ምስክር ናት።

የሰቃ ዕድል ዘላቂ አልሆነም። በስተ ደቡብ የጅማ መንግሥት በአባ ጅፋር ቀዳማዊ ከ1830 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየበረታ ሄደ። በ1847 እ.ኤ.አ. ጅማ ባዲ ፎላ የተባለውን የሲራራ መንገድ የሚያልፍበትን አገር በያዘ ጊዜ፣ ነጋዴው በሰቃ ሳያልፍ የሚሄድበት ሌላ በር ተከፈተለት። አባ ባጊቦ በ1861 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ልጁ አባ ቡልጉ የአባቱን ያህል ሊይዘው አልቻለም። ገበያው ጥቂት በጥቂት ወደ ጅማ ሜዳ፣ ወደ ሂርማታ፣ ተሳበ። ሊሙ እናርያ በ1883 ዓ.ም. በደጃዝማች (በኋላ ራስ) ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ተይዞ ነጻነቱ ሲያበቃ፣ የሰቃ ገናናነት ቀድሞ አልቆ ነበር። ሰቃ እንድትለቀቅ ያዘዘ አዋጅ አልወጣም፤ ከተማዪቱን የፈታት የነጋዴው እግር መንገዱን መለወጡ ነው። ንጉሥ በቤተ መንግሥቱ ቢጸናም፣ ገበያው ከራቀው የሚጠብቀው ነገር ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ጅማ እንለፍ። የጅማ ነገሥታት መቀመጫ ጅሬን ኮረብታ ነበር። ዛሬም ከጅማ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከእንጨት የተሠራው የአባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ገበያው ግን ከኮረብታው በታች በሂርማታ ሜዳ ነበር። በየሳምንቱ ሐሙስ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣው ሕዝብ በዚያ ይገናኝ ነበር። ኸርበርት ሉዊስ የተባለው አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጅማን ገበያ አይቶ፣ በበጋ ወራት በደኅና ቀን እስከ 30,000 ሰው እንደሚሰበሰብበት ጽፏል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ሲውል ሚዛን የሚያጭበረብር፣ ከብት የሚሰርቅ፣ በመጠጥ ሰክሮ የሚጣላ አይጠፋም። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ከኮረብታው ላይ ሆኖ መገላገል ግን አይቻልም።

አባ ጅፋር ዳግማዊ በ1870 ዓ.ም. ገደማ በወጣትነቱ ነገሠ። በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት በኋላ የዐፄ ምኒልክ ኃይል የጊቤን አገር እንደሚያጥለቀልቀው ባየ ጊዜ ሳይዋጋ ገብሮ አገሩን ከመጥፋት አዳነ። በዚህም ብልኃቱ ጎረቤቶቹ መንግሥታት በጦር ሲፈርሱ ጅማ ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደርዋን 50 ዓመት ያህል ይዛ ቆየች። በዚያ ዘመን ነጋዴ ሁሉ ወደ ሂርማታ የጎረፈው ቡናው ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ መንገዱና ገበያው ሰላም ስለ ነበረ ነው። ጸጥታ ሀብትን እንደሚጠራ፣ ሀብትም ተመልሶ ጸጥታን እንደሚያጠነክር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በአካባቢው አይገኝም።

በ1924 ዓ.ም. ማዕከላዊው መንግሥት የጅማን የውስጥ ነጻነት አስቀርቶ በቀጥታ ያስተዳድራት ጀመር። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያኖች ከተማዪቱን ይዘው፣ ደቡብ ምዕራቡን ለጠቀለሉበት አገረ ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት። የሥልጣን መንበሩን ከጅሬን ኮረብታ ፈጽሞ ወደ ሜዳው፣ ወደ አዌቱ ወንዝ ዳርቻ ያወረዱት እነርሱ ናቸው። መንገድ ቀየሱ፤ ፕላን ነደፉ፤ ሕንፃ ሠሩ። ሥፍራው ትክክለኛ ነበረ፤ ዓላማው ግን ጠማማ ነበረ። የዚያ ዘመን የፋሺስት ፕላን ዋናው መርሕ ነጩን ከአገሬው ሰው መለየት ነበርና፣ የጸጥታ ኃይሉም የቆመው ሕዝቡን ለመጠበቅ ሳይሆን ሕዝቡን ለመከልከል ነው። ስለዚህ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ነጻ ስትወጣ ሕንፃው ለኢትዮጵያ ቀረ፤ ጠማማውን ሥራ የማቅናቱ ተራም የእኛ ሆነ።

እስካሁን የተናገርነው በይበልጥ ስለ ሥልጣን መንበር ነው። አሁን ስለ ጸጥታ ጠባቂው ጥቂት እናክል። በአገራችን የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ከመኖሩ አስቀድሞ ሕግ አልነበረም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ በቁራኛ ሆነው፣ ጠባቂ ሳይኖራቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብና እውነቱ እስኪወጣ ድረስ ይጠያየቅ ነበር። ይህ ሁሉ ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሑም ሰው ከሥራው ተስተጓጉሎ ይንገላታ ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቁም ነገር በውስጡ ነበረ፤ ጸጥታ የሚጠበቀው በደሉ በተፈጸመበት ሥፍራ፣ ሰዎቹን በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ነበር።

ነገሥታቱም ራሳቸው ይህንን ያውቁ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የእንጦጦን ተራራ ለመከላከያ ቢመርጡትም፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍል ውኃ ሜዳ ወርዶ አዲስ አበባ ተባለ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የማገዶ እንጨት በማለቁ ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታሰበ፤ በዚያም ቤተ መንግሥት ተጀመረ። ዕቅዱ ግን ተተወ። የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ነበር፤ ሕዝቡም ገበያውም ሥር ሰድዷል፤ የባሕር ዛፍ ተክልም የማገዶውን ችግር አቃለለው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ያሰቡትን መተዋቸው እንደ ድካም ሊቈጠርባቸው አይገባም። የተጀመረ ዕቅድ ችግሩ በሌላ መንገድ ሲፈታ መተው፣ ከማናቸውም ሹመኛ የሚጠበቅ ትልቅ ጥበብ ነው።

ዘመናዊው ፖሊስ የተደራጀው ከነጻነት በኋላ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በአዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ የሚባለው ከተማውን ይጠብቅ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ወጥቶ ፖሊስ አንድ ወጥ ድርጅት ሆኖ ቆመ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ግዛቶች፣ አውራጃዎችና ወረዳዎች በድንጋጌ ተደለደሉ፤ ባርነትንም ፈጽሞ የሚሽር አዋጅ ወጣ። እንግዲህ አባ ኬላ ያመለጠውን ባሪያ ይመልስበት በነበረው አገር፣ ሰውን ባሪያ የሚያደርገውን ይዞ ለዳኛ የሚያቀርብ ፖሊስ ተተከለ። ከስም ለውጥ ወይም ከሥፍራ ለውጥ ይልቅ እውነተኛው ለውጥ ይህ ነበረ። ጅማም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና፣ ሰቃን ጨምሮ የዙሪያው ገጠር ሕዝብ አቤቱታውን ወደ እርስዋ ይዞ መምጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ይኸውም የአቤቱታ መንገድ ርዝመት ነው። አንድ ሰው በሊሙ ገጠር በሬው ተሰረቀበት እንበል። የጣቢያው ሰው ነገሩን ወደ ወረዳ ይመራዋል፤ ወረዳው ወደ አውራጃ፣ አውራጃው ወደ ጅማ ይመራዋል። ሰውዬው ከአንድ ቀን በላይ በእግሩ ይሄዳል፤ በከተማ ማደሪያ ይከፍላል፤ ምስክሮቹንም ስንቅ አስይዞ ይዞ ይመጣል። ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ሲተላለፍበት ወጪው ከበሬው ዋጋ ይበልጣል። ያን ጊዜ ሰውዬው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ በደሉን ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል፣ ወይ ብድሩን ራሱ ይመልሳል። የመጀመሪያው ሌባውን ያደፋፍራል፤ ሁለተኛው ደም ያፈስሳል። አበው «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ወንዝ ሲጎድል ተሻገር» ያሉት ይህንን አይተው ነው። ዳኛው ከወንዝ ማዶ የሆነበት ሰው ክረምት ከገባ እውነት ይዞ ሳለ እንደ ተረታ ይቈጠራል።

በቅርቡ ዘመን የሆኑትንም መዛወሮች ብንመለከት ነገሩ ይብራራል። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር በ1992 ዓ.ም. ተወስኖ፣ ብዙ ተቃውሞና ክርክር ከተነሣ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ አዲስ አበባ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ደግሞ መሥሪያ ቤቶቹን በአንድ ከተማ ሳያከማች በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ከተሞች ከፋፍሏል። የመጀመሪያው የሚያስተምረው፣ መቀመጫ ሲነሣ ሕዝቡ የሚያየው ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሕንፃ የተወከለውን መብቱን ጭምር መሆኑን ነው። ሁለተኛው የሚያስተምረው፣ አንድ መንግሥት አንድ ደጅ ብቻ እንዲኖረው ግድ አለመሆኑን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለተነሣንበት ነገር የሚቀርበው ግን በአዲስ አበባ የነበረው የማዕከላዊ የወንጀል ምርመራ ነገር ነው። ማዕከላዊ እየተባለ የሚጠራው ይህ ግቢ በደርግም ከዚያም በኋላ በነበረው ዘመን ብዙ ሰዎች ታስረው የተሠቃዩበት ስለ ሆነ፣ ስሙ ሲነሣ ሰው የሚሸማቀቅበት ሥፍራ ሆኖ ነበር። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ተዘግቶ ሙዚየም እንዲሆን መወሰኑ ተነገረ፤ በዚያው ዓመትም የምርመራው ሥራና እስረኞቹ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወሩ። ይህ ውሳኔ ታላቅ ነበረ። ነገር ግን በር መዝጋት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። መርማሪው ከአሮጌው ግቢ ሲወጣ አሮጌውን ልማድ በኪሱ ይዞ ከወጣ፣ አዲሱ ሕንፃ ቀለሙ ሳይደርቅ አሮጌ ይሆናል። ጅሬን ሙዚየም ስትሆን የነገሥታቱ ዘመን አብሮ አልፎ ነበር፤ የግፍ ቤትም በእውነት ሙዚየም የሚሆነው ግፉ አብሮ ያለፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተነሥተን፣ በማናቸውም ከተማ የፖሊስ ጠቅላይ መምሪያ ይዛወር የሚል ሐሳብ ሲቀርብ አራት ጥያቄዎች በቅድሚያ ሊመለሱ ይገባል እንላለን።

አንደኛ፣ ሕዝቡ የት ይውላል? ገበያው፣ የመኪና ተራው፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ባሉበት አቅጣጫ ነው ወይስ በተቃራኒው የሚሄደው? ሰፊ ቦታ ከከተማ ዳር መገኘቱ ለመኪና ማቆሚያ ይጠቅም ይሆናል፤ ለተደበደበች ሴት ግን የታክሲ ዋጋ ነው። ሁለተኛ፣ የሚለቀቀው ሥፍራ ምን ይሆናል? ጠቅላይ መምሪያው ሲሄድ በአሮጌው ሥፍራ ቢያንስ አንድ ጣቢያ ካልቀረ፣ ለዓመታት በመብራቱ ጥግ የኖረው ሰፈር በአንድ ሌሊት ይጨልማል። ሦስተኛ፣ መዝገቡ እንዴት ይጓዛል? መሥሪያ ቤት ሲዛወር መጀመሪያ የሚጠፋው የድኃ ፋይል ነው። ባለጠጋው ግልባጭ ያስቀምጣል፤ ደጋግሞም ይጠይቃል። ድኃው ግን «መዝገብህ አልተገኘም» ሲባል ያለው ነገር ሁሉ አለቀ ማለት ነው። አራተኛ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ ተጠይቋልን? ዕቅዱ በቢሮ ውስጥ ተጠንቶ ሰሌዳው በተሰቀለ ማግስት የሚሰማ ሕዝብ፣ መሥሪያ ቤቱን የራሱ አድርጎ አይቈጥረውም።

ምናልባት አንባቢ «አሁን ስልክ አለ፤ መኪና አለ፤ ሥፍራ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አባ ባጊቦ ከጋሩቄ ወደ ሰቃ መልእክተኛ በሚልክበት ጊዜ ዛሬ በስልክ መላ አገሩን ማዳረስ ይቻላል። ይሁን እንጂ ስልክ መሥመር ይፈልጋል፤ መኪናም መንገድና ነዳጅ ይፈልጋል። የቡና ለቀማ ጊዜ ሲደርስ ገንዘብ በየገጠሩ ይበተናል፤ ሌባውም የሚነሣው በዚያው ወቅት ነው። ያን ጊዜ የሚጠቅመው በሩቅ ከተማ ያለው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሳይሆን፣ ሚዛኑ በሚመዘንበት ደጅ የቆመው አንድ ታማኝ ፖሊስ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ወደ ተነሣንበት ወደ ሰቃ እንመለስና ነገራችንን እናብቃ። ዛሬ በጅማ ዞን ውስጥ ሊሙ ሰቃ የተባለ ወረዳ አለ። የጥንታዊቷን ከተማ ስም ይዟል፤ የወረዳው መቀመጫ ግን አትናጎ ነው። ስሟ በማኅተሙ ላይ ቀርቶ መሥሪያ ቤቱ በሌላ ከተማ ተቀምጧል። በአንድ ወቅት ከምጽዋ እስከ ከፋ የሚሄደው ነጋዴ ሁሉ ስሟን የሚያውቃት ከተማ እንዲህ መሆንዋ ያሳዝናል፤ ነገር ግን የሚወቀስ ሰው የለበትም። መንገድ ይለወጣል፤ ገበያ ይነሣል፤ ከተማም እንደ ሰው ያረጃል። መንግሥት ይህንን ሊከለክል አይችልም።

መንግሥት ሊያደርገው የሚችለው ግን አንድ ነገር አለ። ከተማ ቢፈታም በዚያ የሚቀረው ሰው አይፈታም፤ ዛሬም በሰቃ ዙሪያ ቡናውን የሚለቅም፣ ልጁን የሚያስተምር፣ ሲበደልም «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚጮኽ ሕዝብ አለ። ጩኸቱ የሚሰማው ጆሮ በቅርብ መኖር አለበት። የጠቅላይ መምሪያ ሰሌዳ በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ሕንፃ ላይ ቢሰቀል ለዚያ ሰው ልዩነት የለውም፤ ልዩነቱ ከቤቱ እስከ መጀመሪያው የፖሊስ ደጅ ድረስ ያለው የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ካርታውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የአዲሱን ሕንፃ ሥፍራ በቀይ እርሳስ ከማክበባቸው አስቀድሞ፣ ይህንን የእግር መንገድ ቢለኩት ከሰቃም ከጅሬንም ታሪክ ተማሩ ሊባሉ ይችላሉ።